ሰባት ቋጠሮና አንድ እፍኝ አፈር

«አንዴ እምቢ ያለሽን ሰው ሁለተኛ አትጠይቂው፤ ፊትሽ ይረክሳል።»

ስንቅነሽን ይህን ያለቻት እናቷ ናት። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ልግባ ብላ አባቷን ጠየቀች፤ አባቷ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ። በማግስቱ ደግማ ልትጠይቅ ስትነሳ እናቷ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ አስቀረቻት፤ ቃሏንም ነገረቻት። ስንቅነሽ ቃሉን ሰማች። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም ሁለቴ ጠይቃ አታውቅም። ብዙም አታወራም፤ ግን ታያለች።

ነገሩ እንግዲህ እንደ መቁጠሪያ ነው፤ አንዱን ፍሬ ሲስቡት ሌላው ይከተላል። ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙ።

ስንቅነሽ ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጇን ማርዳን አዝላ ከፍኖተ ሰላም ተነሳችና ፕሎቭዲቭ የምትባል የቡልጋሪያ ከተማ ገባች። ባሏ አያልነህ ለትምህርት የሄደባት ከተማ ናት። «ጥንታዊት ከተማ ናት፤ ኑሮዋም ርካሽ ነው» ብሏት ነበር ሲሄድ፣ ማርዳ ገና በሆድ ሳለች። ውሸት አልተናገረም። ግን ለሕያው የረከሰ አገር ለሬሳ ውድ ነው። አያልነህ ሦስተኛ ዓመቱን አጋምሶ ሳንባውን ታሞ ሲሞት፣ አስከሬኑን ለማምጣት የተጠራው ገንዘብ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቢያዋጣ የሚሞላ አልነበረም። እዚያው ተቀበረ።

እናቱ እማማ ውባለም መንፈቅ ሙሉ እንቅልፍ አጡ። በመጨረሻ «አስከሬኑ ካልመጣ አፈሩ ይምጣልኝ» አሉ። «አንድ እፍኝ ይበቃኛል። ቤተ ክርስቲያን አስቀብሬው የማለቅስበት ይኑረኝ።» ለራሳቸው ክፉ ቀን ያቆዩትን ባሕር ዛፍ አስቆርጠው ሸጡና ገንዘቡን ለምራታቸው ሰጡ። ሲያሰናብቷትም አደራ አሏት። «ሰርቀሽ እንዳታመጪ። የመቃብር አፈር ተለምኖ ነው የሚወሰድ። በተሰረቀ አፈር ላይ የፈሰሰ እንባ ከሟቹ አይደርስም።»

ስንቅነሽ ገንዘቡን በነጠላዋ ጠርዝ ላይ ሰባት ቦታ ቋጠረችው። አንድ ቋጠሮ ለአንድ ቀን፤ ለአልጋ፣ ለዳቦ፣ ለወተት፣ ለአውቶቡስ። አንዱ ሲፈታ አንድ ቀን ሄደ ማለት ነው። ሰባተኛው ሲፈታ አውሮፕላኑ ይነሳል። ከአያልነህ ጋር እዚያ ተምሮ የተመለሰው መኳንንት ደግሞ ሁሉን በወረቀት ጻፈላት። ዳቦ የት እንደሚረክስ፣ ወደ መቃብሩ የሚወስደው የትኛው አውቶቡስ እንደሆነ፣ የትኛዋ አሮጊት አልጋ በትንሽ ዋጋ እንደሚያከራዩ። በአገሩ ቋንቋም ሁለት ቃል አስያዛት፤ ሞሊያ ማለት እባክዎ፣ ዜምያ ማለት አፈር።

የመጀመሪያው ቋጠሮ ተፈታ።

አከራይዋ ባባ ስቶያንካ ይባላሉ። በዚያ አገር ባባ ማለት ሴት አያት ነው። ስንቅነሽ ግን ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ባባ ሲባሉ የጎረቤት ወንድ ልጅ የተጠራ እየመሰላት ዞር ዞር ትል ነበር። ባባ ፓስፖርቷን ለፖሊስ ሊያስመዘግቡ ተቀበሏትና ኪሳቸው ከተቱት። ማታ የሚጨስ ሾርባ በሳህን ይዘው መጡ፤ «ሱፓ?» አሉ። ስንቅነሽ እንዳገሯ ሰው ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ፣ ራሷን ቀና አድርጋ «እህ» አለች። ባባ ሳህኑን ይዘው ተመለሱ።

«አሳይቶ መንሳት» አለች ስንቅነሽ በሆዷ። ለማርዳ ዳቦ በወተት አርሳ አበላችና አብረው ተኙ።

ሁለተኛው ቋጠሮ ተፈታ።

በድንጋይ ንጣፉ መንገድ ወርዳ፣ ፎቃቸው ወደ ውጭ የገፋ አሮጌ ቤቶችን አልፋ፣ በአውቶቡስ መቃብሩ ደረሰች። የመቃብሩ ዘበኛ ሲጋራ በጆሮው የሰካ ሽማግሌ ነው። ስሙን በወረቀት ስታሳየው መርቶ አደረሳት። ትንሽ የእንጨት መስቀል፣ በአገሩ ፊደል የተጻፈ ስም፣ ሣር ያልሸፈነው አፈር። አላለቀሰችም፤ መጀመሪያ ሥራ ነበረባት። ነጭ ከረጢቷን አወጣችና አፈሩን አሳየችው። «ሞሊያ። ዜምያ።»

ዘበኛው መቃብሩን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። በጣቱም ጸሎት ቤቱን አሳያት።

ስንቅነሽ ከረጢቷን አጠፈች። ሁለተኛ አልጠየቀችም። ቄሱ ካላዘዙኝ ማለቱ ነው አለች።

ዘበኛው አፈር አልሰጥም አለ፤ አፈሩም አልዘገንም አለ።

ሦስተኛው ቋጠሮ ተፈታ።

ቄሱ እስከ ከሰዓት አልመጡም። ስንቅነሽ በር ላይ ተቀምጣ ማርዳን ስታጫውት ዋለች። ሲመጡ መስቀል ተሳለመችና ዘበኛውን በእጇ አመለከተች፣ ከረጢቷን አሳየች፤ «ሞሊያ፣ ዜምያ» አለች። ቄሱ ነጠላዋን አዩ፤ ዓይናቸው ራራ። ግን ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ። በአሸዋ ወደተሞላው የሻማ ማቆሚያም ጠቆሟት። ማቆሚያው ባዶውን ቆሟል።

ሻማ ሳይበራ አላዝም ማለታቸው ነው አለች።

ቄሱ ዘበኛውን አላዝም አሉ፤ ዘበኛው አፈር አልሰጥም አለ፤ አፈሩም አልዘገንም አለ።

አራተኛው ቋጠሮ ተፈታ።

ሻማ የምትሸጠው ሴት ከበሩ አጠገብ ባለች ጠባብ ኪዮስክ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። ስንቅነሽ አውሮፕላን ማረፊያ የመነዘረቻት ገንዘብ በአውቶቡስና በዳቦ አልቃለች፤ ስለዚህ ዶላር ዘረጋችላት። ሴትዮዋ ዶላሩን አየች፣ ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች፤ በሹራብ መሥሪያው እንጨትም ከመንገዱ ማዶ ያለውን መንዛሪ ቤት ጠቆመች። ሳትመነዝሪ አልሸጥም ማለቷ ነው። ስንቅነሽ መንገዱን ተሻገረች። እሑድ ነው፤ ዝግ ነው።

አመሻሹ ላይ እማማ ውባለም ደወሉ።

«አገኘሽልኝ?»

«አላገኘሁም፣ እማማ።»

«እንዴት? አፈር ጠፋ? አገሩ በሙሉ ድንጋይ ነው እንዴ?»

«አፈርስ አለ። ሻማ ሻጯ ሻማ አልሸጥም አለች፤ ቄሱ ዘበኛውን አላዝም አሉ፤ ዘበኛው አፈር አልሰጥም አለ፤ አፈሩም አልዘገንም አለ።»

«ዕንቁ አልጠየቅናቸው። እኔ ልጅ ሰጥቻቸው እነሱ አፈር ይሰስቱብኛል?» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ደግመሽ ለምኚያቸው፣ ልጄ» አሏት።

«እሺ፣ እማማ» አለች። ደግሞ መለመን ግን ከየት ይምጣላት።

አምስተኛው ቋጠሮ ተፈታ።

መንዛሪው ከመስተዋት ጀርባ የተቀመጠ፣ ማስቲካ የሚያኝክ ጎረምሳ ነው። ዶላሩን ሰጠችው። ጎረምሳው ዶላሩን ወደ መብራት አንስቶ አየ፣ ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ፤ ሁለት መዳፉን አጋጥሞም እንደ መጽሐፍ ከፈተላት። ፓስፖርት ማለቱ ነው። ፓስፖርቱ ባባ ዘንድ ነው። ማርዳን እንዳዘለች ዳገቱን ወጣች፤ ልጅቷ ጀርባዋ ላይ «እማ፣ ቤታችን እንሂድ» ትላለች። «እንሄዳለን፣ የኔ ማር። አባባን ይዘን እንሄዳለን።»

«ፓስፖርት፣ ሞሊያ» አለች ባባን። ባባ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ። ወንበር ሳቡላትና ወደ ሾርባው ድስት አመለከቱ። ሾርባ ሳትቀምሺ አልሰጥም ማለታቸው ነው። ደግሞ ይህ ምን ዓይነት ሕግ ነው? ቢሆንም ተቀመጠች፤ ርቧታልም። ባባ ሳህን አንስተው «ሱፓ?» አሉ። ስንቅነሽ ትንፋሿን ሳብ፣ ራሷን ቀና አድርጋ «እህ» አለች።

ባባ በረጅሙ ተነፈሱና ሳህኑን መልሰው ሰቀሉት።

ሾርባው አልቀመስም አለ፤ ባባ ፓስፖርት አልሰጥም አሉ፤ መንዛሪው ዶላር አልመነዝርም አለ፤ ሻማ ሻጯ ሻማ አልሸጥም አለች፤ ቄሱ ዘበኛውን አላዝም አሉ፤ ዘበኛው አፈር አልሰጥም አለ፤ አፈሩም አልዘገንም አለ።

ስንቅነሽ ነጠላዋን ዳሰሰች። ሁለት ቋጠሮ ቀርቷል። አንዱ የነገ ነው፤ አንዱ የመመለሻ። ባዶ ከረጢት ይዛ የእማማ ውባለምን ደጅ ስትረግጥ ታያት። ሴትዮዋ በራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ባሕር ዛፉ የነበረበትን ባዶ ቦታ እያዩ ሲጠብቁ ታያት።

ስድስተኛው ቋጠሮ ተፈታ።

ጠዋት ነው። ባባ ምድጃው ላይ ድስት ጥደዋል፤ ሾርባው ይንተከተካል። ስንቅነሽ የማርዳን ጫማ ለማሰር ጎንበስ ስትል ልጅቷ አመለጠቻት። ሮጣ ምድጃው ሥር ደረሰች፣ በእግር ጣቷ ተንጠራርታ እጇን ወደ ድስቱ እጀታ ሰደደች።

«ኔ! ኔ፣ ኔ፣ ኔ» አሉ ባባ።

ይህን ቃል ስንቅነሽ ከዚህ በፊትም ሰምታዋለች። ማርዳ ወደ ደረጃው ስትጠጋ «ኔ» ይላሉ፣ የአበባውን ማሰሮ ስትነካ «ኔ» ይላሉ። ለስንቅነሽ ጆሮ «ነይ» ነበር፤ አያትነታቸው ነው፣ ልጄን እየጠሯት ነው ትል ነበር። አሁን ግን ቀና ብላ አየቻቸው። ባባ «ኔ፣ ኔ» እያሉ ራሳቸውን ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀንቃሉ። እጃቸው ልጅቷን ከእሳት ይገፋል፤ ራሳቸው እሺ ይላል።

ልጅን ወደ እሳት ነይ የሚል አያት የለም።

ስንቅነሽ የጫማውን ማሰሪያ እንደያዘች ቀረች። ማርዳ አለቀሰች። ባባ አንስተው ታቀፏት፤ ሾርባ በማንኪያ ቀዱ፣ እፍ እፍ አሉበት፣ ወደ አፏ አስጠጉላት። «ዳ? ዳ?» አሉ፤ ራሳቸውንም ግራና ቀኝ ወዘወዙ። ማርዳ ዋጠች። ባባ ፈገግ አሉና ደግመው ወዘወዙ። «ዳ፣ ዳ።»

ራስ ሲወዘወዝ ማንኪያው መጣ። ራስ ሲነቀነቅ እጁ ከለከለ።

መኳንንት የዳቦውን ዋጋ እስከ ሳንቲሙ ጽፎ ይህን አልጻፈላትም። እሺና እምቢ በራስ ይነገራል፣ ማን ይሳሳታል ብሎ ይሆናል።

ስንቅነሽ ቀስ ብላ ሳህን አነሳች። ወደ ሾርባው አመለከተች፤ ራሷንም ግራና ቀኝ ወዘወዘች። አንገቷ እምቢ አለ፤ ዕድሜዋን ሙሉ የለመደው ሌላ ነው። ደግማ ወዘወዘች። ባባ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። አምስት ማታ ሙሉ ሾርባውን ከተራበች ሰው ፊት ሲመልሱ እንደኖሩ ገባቸው። ሳህኑን እስከ ጠርዙ ሞሉላት፣ አጠገቧም ቆመው እስክትጨርስ በአገራቸው ቋንቋ ሲያወሩ ቆዩ፤ ይቆጡ ይሁን ያባብሉ አልታወቀም።

እንግዲህ መቁጠሪያው ወደ ኋላ ተመለሰ።

ሾርባው ሲቀመስ ባባ ፓስፖርቱን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡ። ፓስፖርቱ ሲታይ ጎረምሳው ራሱን ወዘወዘና ዶላሩን መነዘረ። ገንዘቡ ሲቀርብ ሻማ ሻጯ ራሷን ወዘወዘችና ሻማ ሸጠች፤ ለማርዳም አንዲት ቀጭን ሻማ በነፃ ጨመረችላት። ሻማው ሲበራ ቄሱ ራሳቸውን ወዘወዙና ተነሥተው አብረዋት ወጡ። ቄሱ ሲመጡ ዘበኛው ራሱን ወዘወዘና ከጎጆው ደጃፍ ትንሽ አካፋ አነሳ። አካፋው ላይ ንጹሕ ላስቲክ ታስሮበታል። ላስቲኩ አቧራ ጠጥቷል፤ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ለእሷ ተዘጋጅቶ ደጃፉ ላይ ቆሞ ኖሯል። ዘበኛው እጆቹን ዘርግቶ አያት፤ የት ጠፋሽ እንደማለት።

ባባ ሰጡ፤ መንዛሪው መነዘረ፤ ሻማ ሻጯ ሸጠች፤ ቄሱ አዘዙ፤ ዘበኛው ፈቀደ። ከመጀመሪያውም እምቢ ያላት ሰው አልነበረም።

ቄሱ አጭር ጸሎት አደረሱ። ከዚያ ሁለቱም ፈቀቅ አሉላት። ማርዳ ሻማዋን ይዛ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ስንቅነሽ በመቃብሩ ግርጌ ተንበረከከች፣ በአካፋው አንድ እፍኝ አፈር አነሳች፣ ወደ ከረጢቱ ጨመረች። የእማማ ውባለም ልመና ሞላ።

ለስንቅነሽ ግን መቁጠሪያው አፈሩ ላይ አልቆመላትም። ከአፈሩ በፊት አንድ ፍሬ ነበረ።

አያልነህ ከመሞቱ አሥራ ስምንት ቀን በፊት ነው። ሆስፒታል ተኝቶ በስልክ ፊቱን አየችው። አፉና አፍንጫው በኦክስጅን ጭንብል ተሸፍኗል፤ መናገር አይችልም። አንዲት ነርስ ስልኩን ይዛለታለች። «አያልዬ፣ ልምጣ ወይ?» አለችው። ዓይኑን ሳይነቅልባት ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። ቀስ ብሎ ነው የወዘወዘው፤ ትራሱ ላይ፤ ሁለቴ።

አትምጪ ማለቱ ነው አለች። ገንዘቡን አስቦ ነው፤ ልጅቷን አስቦ ነው አለች። ሁለተኛ አልጠየቀችውም።

ባሕር ዛፉ ያኔም ቆሞ ነበር።

ሀያ ስድስት ዓመት ፍኖተ ሰላም የኖረ ራስ ነው። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ደግሞ እዚህ፣ በእነዚህ ሰዎች መካከል፣ ከእነሱ ዳቦ እየገዛ፣ ከእነሱ ጋር እየተማረ የኖረ ራስ ነው። በየትኛው አገር ወግ እንደወዘወዘው ማን ይንገራት? ባባ አያውቁ፤ መንዛሪው አያውቅ፤ ሻማ ሻጯ አታውቅ፤ ቄሱ አያውቁ፤ ዘበኛው አያውቅ። የሚያውቀው አንዱ ከአፈሩ ሥር ነው፤ አፈሩም አይናገር።

ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ድምፅ አላወጣችም። ዘበኛው ፊቱን አዞረ፤ ማርዳ ግን መጥታ ከጉልበቷ ተጠጋች።

«እማ፣ አባባ እዚህ ነው?»

ስንቅነሽ በአንገቷ መመለስ አልደፈረችም። «አዎ» አለቻት በአፏ። «እዚህ ነው፣ የኔ ማር።»

ይህን ለእማማ ውባለም እንደማትነግራቸው ያን ጊዜ ወሰነች። እሳቸው የሚያለቅሱበት አፈር ይበቃቸዋል፤ ይኼኛው የእሷ ብቻ ይሁን።

ዘበኛው ሰዓቱን አይቶ ጉሮሮውን ጠራረገ። ስንቅነሽ ከረጢቱን ልታስር አፉን ሰበሰበች፤ ግን አላሰረችውም። የዘገነችውን አፈር መልሳ ግርጌው ላይ ደፋችውና በመዳፏ አስተካከለችው። ከዚያ ተነሥታ፣ በመስቀሉ ዞራ፣ ያ የተወዘወዘው ራስ ካረፈበት፣ ራስጌው ላይ ተንበረከከች፤ አካፋውን አስቀመጠችና ከዚያ በእጇ ዘገነች።